መዳንና መሰንበት

ሰው ወደ ሐኪም በሚሄድበት ጊዜ የሚፈልገው ነገር አንድ ነው፤ እርሱም መዳን ነው። ሐኪሙ ግን ይህን ሁልጊዜ ሊሰጥ አይቻለውም። አንዳንድ ጊዜ የሚሰጠው መዳንን ሳይሆን መሰንበትን ነው። «ከመሞት መሰንበት» እያልን ዘወትር የምንናገረው ቃል ለአፋችን የቀለለ ቢሆንም፥ ጠጋ ብለን ስንመረምረው ከባድ ጥያቄ ያዘለ ሆኖ እናገኘዋለን። መሰንበት በራሱ መልካም ነገር ነውን? ወይስ መልካምነቱ የሚለካው በተገኘው ዕድሜ ውስጥ በሚኖረው ኑሮ ነው? ይልቁንም የሚሰነብተው ራሱ ሊመርጥ የማይችል ሕፃን ሲሆን፥ የመሰንበቱም ዋጋ ሰውነቱን በስለት መክፈት ሲሆን፥ ስለ እርሱ ሆኖ «ይሁን» ወይም «ይቅር» የሚለው በምን ፍርድ ነው?

ስለዚህ ጥያቄ በጠቅላላው ብቻ ብንናገር ነገሩ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ይቀራል። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ አንድ የታወቀ በሽታና ለእርሱ የሚደረገውን አንድ ቀዶ ሕክምና አስቀድመን አስረድተን፥ ከዚያ ወደ ፍርዱ ብንሄድ ይሻላል። የምናነሣውም በዘር የሚወረስ አንድ የፕሮቲን ጉድለት ጉበታቸውን የጐዳባቸውን ሕፃናትና፥ ለእነርሱ የሚሠራውን ሻንት የተባለውን የደም ማሻገሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጉበት ከሚሠራቸው ብዙ ፕሮቲኖች አንዱ አልፋ አንድ አንቲትሪፕሲን ይባላል። ሥራውም የዘበኛ ሥራ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ተሐዋስያንን ሲዋጉ የሚያወጡት ኢላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም አለ፤ ይህ ኢንዛይም ልክ ካጣ የሳንባን ሥጋ ራሱን ይበላል። አንቲትሪፕሲን ከጉበት ወጥቶ በደም እየተጓዘ ያን ኢንዛይም ይገታል፤ ሳንባንም ከጥፋት ይጠብቃል። ይህ ፕሮቲን የሚጐድላቸው ሰዎች መኖራቸውን በ1963 ስዊድናውያኑ ካርል በርቲል ላውሬልና ስቴን ኤሪክሰን ከማልሞ ከተማ ለዓለም አስታወቁ። በ1969 ደግሞ በአሜሪካ ሐኪሙ ሻርፕና ባልደረቦቻቸው፥ ይኸው ጉድለት ያለባቸው አንዳንድ ሕፃናት ጉበታቸው ጠባሳ እየሆነ እንደሚደነድን ገለጹ።

የጉድለቱ ምንጭ እጅግ ትንሽ ነገር ነው። በፕሮቲኑ ሰንሰለት ላይ በ342ኛው ስፍራ ሊገኝ የሚገባው አንድ አሚኖ አሲድ በሌላ ተተክቶ ይገኛል። በዚህ አንድ ፊደል መሳሳት የተነሣ ፕሮቲኑ እንደሚገባው ሳይታጠፍ ይቀራል፤ እርስ በርሱም እየተቈላለፈ ከተሠራበት የጉበት ሕዋስ መውጣት ይሳነዋል። ስለዚህ ሳንባው በማጣት ይጐዳል፤ ጉበቱ ደግሞ በመከማቸት ይጐዳል። አንዱ ያጣው ነገር ሌላውን አፍኖ ይገድለዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወላጆች አንድ ነገር መናገር ይገባል። ሕፃኑ ይህን በሽታ የሚወርሰው የተሳሳተውን ጂን ከአባቱም ከእናቱም ሲቀበል ነው። እነርሱ ግን እያንዳንዳቸው አንዱን ብቻ ስለ ተሸከሙ ብዙውን ጊዜ ጤነኞች ናቸው፤ መሸከማቸውንም አያውቁም። ሁለቱም ተሸካሚዎች በሆኑ ጊዜ የሚወለደው ልጅ ሁሉ ከአራት አንድ ዕድል ይደርሰዋል። ይህም ዕጣ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የማንም በደል ቅጣት አይደለም። ይህን መናገር ያስፈለገበት ምክንያት፥ «ልጄን እኔ አሳመምኩት» ብሎ የሚያስብ ወላጅ ለልጁ በሚመርጥበት ሰዓት የሚመርጠው በጥበብ ሳይሆን ዕዳ ለመክፈል በመጓጓት ሊሆን ስለሚችል ነው።

ደግሞም ጂኑን የወረሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። በስዊድን አገር ከ1972 እስከ 1974 ድረስ 200,000 አራስ ሕፃናት ተመርምረው ነበር። ከእነርሱ መካከል ከባዱ ጉድለት የተገኘባቸው 120 ያህል ሲሆኑ፥ አገራችን የወፍ በሽታ የሚለው ቢጫነት ረዘም ላለ ጊዜ የታየባቸው 14 ብቻ ነበሩ። የቀሩት አብዛኞቹ የጉበት ሕመም ሳይታይባቸው አድገዋል። ከዚህ የምንማረው ነገር፥ በዘር የተጻፈው ሁሉ በሥጋ ላይ እንደማይፈጸምና፥ ሐኪም በወረቀት ላይ ላለው ጂን ሳይሆን በፊቱ ለተኛው ልጅ መፍረድ እንደሚገባው ነው።

ጉበታቸው የደነደነባቸው ጥቂቶቹ ግን ትልቅ አደጋ ይጠብቃቸዋል። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም ፖርታል በተባለው ታላቅ የደም ሥር ተሰብስቦ ወደ ጉበት ይገባል፤ እዚያም ተጣርቶ ወደ ልብ ይሄዳል። ጉበቱ ጠባሳ በሆነ ጊዜ ይህ መንገድ ይጠብባል። እንደ ተገደበ ወንዝ ደሙ ወደ ኋላው ይመለስና ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ጣፊያ ያብጣል፤ በምግብ ቧንቧ ታችኛው ጫፍ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ከመጠን በላይ ይወጠራሉ። ከእነዚህ አንዱ የፈነዳ እንደ ሆነ፥ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲጫወት የነበረ ልጅ ደም ያስመልሳል። ሞቱ ከጉበቱ መድከም ሳይሆን ከደሙ መፍሰስ ሊመጣ ይችላል።

ሻንት የሚባለው ቀዶ ሕክምና ለዚህ አደጋ የተዘጋጀ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከጉበት በፊት ያለውን የደም ሥር ከጉበት በኋላ ወደ ልብ ከሚሄደው የደም ሥር ጋር ያገናኘዋል። ውሃው የበዛበት ገበሬ ግድቡ ሳይፈርስ ቦይ ቀድዶ እንደሚያስተነፍሰው ሁሉ፥ ደሙ በአዲሱ መንገድ ሲሻገር ግፊቱ ይበርዳል፤ የተወጠሩትም ሥሮች ይረግባሉ። ነገር ግን ይህ ሥራ የታመመውን ጉበት አይፈውስም። የተሳሳተውንም ጂን አያርምም። ጉበቱ ያው ጉበት፥ ፕሮቲኑም ያው ፕሮቲን ነው። የሚገኘው ነገር ጊዜ ነው።

ይህም ጊዜ በነጻ አይገኝም። በ1877 ኒኮላይ ኤክ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም ፖርታልን ወደ ታላቁ የደም ሥር የማገናኘቱን ሥራ በስምንት ውሾች ላይ ሞከረ። ከስምንቱ አንዱ ብቻ ሁለት ወር ተኩል ያህል ኖሮ ከቤተ ሙከራው አምልጦ ጠፋ። በ1893 ታላቁ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ሥራ በደገሙት ጊዜ፥ ውሾቹ ሥጋ ሲበሉ አእምሯቸው ሲታወክ፥ ሲደነዝዙና ሲንቀጠቀጡ አዩ። ምክንያቱም በጉበት ሊጣራ የሚገባው ደም ሳይጣራ ወደ አንጐል ስለሚደርስ ነው፤ ከመርዞቹም አንዱ አሞኒያ ነው። በ1945 አለን ዊፕል በኒውዮርክ ሥራውን ለሰው ሕክምና አዋሉት፤ ብዙዎችንም ከደም መፍሰስ አዳኑበት። የፓቭሎቭ ውሾች ያሳዩት ዕዳ ግን ከሰውም ላይ አልቀረም። ከተሻገረው ደም ጋር የአእምሮ መፍዘዝ፥ የእንቅልፍ መዛባት፥ የጠባይ መለወጥ ሊመጣ ይችላል። ለሚማር ልጅ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የማይፈውስ ነገርን ለልጅ ማድረግ ተገቢ ነውን?

አንዳንድ ሰዎች «ግማሽ ፈውስ ፈውስ አይደለም፤ በሽታውን ከሥሩ የማይነቅል ሕክምና የሕመምተኛውን መከራ ከማስረዘም በቀር የሚፈይደው የለም» ይላሉ። ይህ አባባል የቈራጥነት ገጽታ ስላለው ያስደስታል። ሆኖም ሕክምናን ሁሉ ብንመዝነው በዚህ ሚዛን የሚያልፍ ጥቂት ነው። የስኳር በሽታ መርፌ በሽታውን አይነቅልም። የልብ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ከዚህም አልፎ፥ ፍጹም የዳነው ሰው እንኳ የዳነው ለጊዜው እንደ ሆነ ማን ይክዳል? ሐኪም ሁሉ በመጨረሻው የሚሰጠው ዕድሜ ነው፤ ልዩነቱ የማነስና የመብዛት ነው። ስለዚህ «ሻንቱ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው» ማለት ነቀፋ ሊሆን አይችልም። ነቀፋ የሚሆነው የተሰጠው ጊዜ ለልጁ የማይጠቅም፥ ወይም ከሚያመጣው መከራ ያነሰ ሆኖ ሲገኝ ነው።

የዚህም ማስረጃ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። ቶማስ ስታርዝል በ1963 በዴንቨር ከተማ የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ በሰው ላይ ሞከሩ፤ ሕመምተኛው ሕፃን ነበር፤ አልተረፈም። የመጀመሪያው ውጤት የታየው በ1967 ነው። ከዚያም በኋላ እስከ 1980 ድረስ ጉበት ከተለወጠላቸው ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ሰውነት ባዕድ ሥጋን እንዳይጥል የሚያደርገው ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት በመጣ ጊዜ ነው፤ ይህም መድኃኒት በአሜሪካ በ1983 ተፈቀደ። እኚሁ ስታርዝልና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ በዚህ ጉድለት ጉበታቸው ደንድኖ ሻንት የተሠራላቸውን የሦስት ልጆች ታሪክ ከ9 እስከ 12 ዓመት በላይ ተከታትለው አቀረቡ። ቍጥሩን አስተውለን ብንመለከት፥ ሻንቶቹ የተሠሩት ከ1983 በፊት ነው። እነዚያ ልጆች በቀዶ ሕክምና ያገኙት ጊዜ ከአንዱ የሕክምና ዘመን ወደ ሌላው አሻገራቸው። ቀድሞ ለእነርሱ ያልነበረ በር እነርሱ በሕይወት ሳሉ ተከፈተ። ሲሰነብቱ አዲስ ነገር እንደሚገኝ ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም፤ ያልሰነበተ ግን እንደማያገኘው እርግጥ ነው።

በዚህ ላይ ሌላው ወገን ተነሥቶ «ያ በዚያ ዘመን ነበር፤ ዛሬ ንቅለ ተከላ ካለ ለምን ዘወር ያለ መንገድ እንከተላለን?» ሊል ይችላል። ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው። አዲሱ ጉበት ትክክለኛውን ፕሮቲን ስለሚሠራ ንቅለ ተከላ ጉድለቱን ራሱን ያቀናል፤ ሻንት ይህን ሊያደርግ አይችልም። ጉበቱ ሥራውን ለተወ ልጅ እንግዲህ ክርክሩ ያበቃል፤ የሚያስፈልገው ሌላ ጉበት ነው፤ በእንዲህ ያለ ልጅ ላይ ሻንት መሥራት ስሕተት ነው። ነገር ግን ጉበቱ ቢደነድንም ሥራውን ገና በደኅና የሚሠራ፥ አደጋው የደም መፍሰስ ብቻ የሆነ ልጅም አለ። ለእንዲህ ያለው ልጅ ዛሬ በመጀመሪያ የሚደረገው የተወጠሩትን ሥሮች በመመልከቻ ቱቦ በኩል በላስቲክ ቀለበት ማሰር ነው። ይህ አልበቃ ሲል ደግሞ ምርጫው በሻንትና በንቅለ ተከላ መካከል ይወድቃል። ንቅለ ተከላም ቢሆን ዕዳ አለው፤ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ፥ ሰውነትን ለተሐዋስያን የሚያጋልጥ መድኃኒት ይከተለዋል። አንዱ ምርጫ አሮጌውን በሽታ ያስታግሣል፤ ሌላው አሮጌውን አስወግዶ አዲስ ቀንበር ያስለብሳል። በሁለቱ መካከል ፍጹም የሆነ የለም።

ከሁሉ ይልቅ ሕሊናን የሚፈትነው ግን የሚከተለው ነው። የሚገኘው ጉበት አንድ፥ ጠባቂዎቹ ሁለት ይሁኑ። የአንደኛው ልጅ ጉበት ፈጽሞ ደክሟል፤ የሁለተኛው ግን ገና ይሠራል። ሁለተኛው ሻንት ቢሠራለት ያ ጉበት ለአንደኛው ይደርሳል። ሒሳቡ ያማረ ነው፤ ሁለት ነፍስ ይተርፋል። ነገር ግን ወላጆቹ «ልጃችሁ ይህን ቢቀበል ሌላ ልጅ ይድናል» ተብለው ሊጠየቁ ይገባልን? ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰውን ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ አድርጎ መገልገል እንደማይገባ አስተምሯል። እኛም የምንፈርደው በዚሁ መንገድ ነው። ሻንቱ ለራሱ ለሁለተኛው ልጅ መልካም መሆኑ በቅድሚያ ተመርምሮ ከታወቀ፥ ከዚያም የተነሣ ለሌላው መዳን ምክንያት ቢሆን ደስ ሊያሰኝ ይገባል። መልካምነቱ ለሌላው ብቻ ሆኖ ለራሱ ግን ጉዳት ከሆነ፥ ሒሳቡ ምንም ቢያምር በደል ነው። ራስን ስለ ሌላ መስጠት ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚሰጠው ባለቤቱ ዐውቆ ነው እንጂ፥ ገና ማወቅ ያልጀመረ ልጅ በሌሎች እጅ አይሰጥም። ከ1989 ጀምሮ ወላጆች ከጉበታቸው ከፍለው ለልጃቸው ለመስጠት መቻላቸውም የዚህኑ ልዩነት ያሳየናል፤ እናት ከሰውነቷ ቈርጣ ስትሰጥ ፍቅር እንለዋለን፤ የምትሰጠው ዐውቃ ስለ ሆነ ነው።

ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው በሥራቸው የገለጹት አንድ ሌላ ሥርዓት ደግሞ አለ። ከጉበቱ በር አጠገብ የሚሠራው የጥንቱ ሻንት ስፍራውን ጠባሳ ስለሚያደርገው፥ በኋላ ንቅለ ተከላ ያስፈለገ እንደ ሆነ ሥራውን እጅግ ያከብደዋል። በ1967 ዲን ዋረንና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ሻንት ግን ከዚያ ርቆ የጣፊያን የደም ሥር ከግራው ኩላሊት የደም ሥር ጋር ያገናኛል። በዚህም ምክንያት የጉበቱ በር ሳይነካ ይቀራል፤ ከአንጀት የሚመጣው ደምም አብዛኛው ወደ ጉበት መግባቱን ስለማይተው፥ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አእምሮን የሚያፈዝዘው ጣጣ ይቀንሳል። ይህ የእጅ ጥበብ ብቻ አይደለም። በእጅ የተሠራ ግብረ ገብ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ትርጓሜውም፥ ዛሬን ለመርዳት ብለህ የነገን በር አትዝጋ ማለት ነው። ልጁ ራሱ የማይመርጥበት ዕድሜ ላይ ስለ ሆነ ስለ እርሱ የሚመርጡት ሰዎች የሚጠበቅባቸው ታላቅ ግዴታ፥ በሚያድግበት ጊዜ ራሱ የሚመርጠው ነገር እንዲተርፈው ማድረግ ነው። ለልጅ የምንመርጥለት የእኛን ምርጫ ልናጸናበት ሳይሆን፥ የእርሱን ምርጫ ልናቆይለት ነው።

ጊዜ ከተገዛ በኋላም ሥራው አያልቅም። ሻንት የተሠራለት ልጅ ሳንባው አሁንም ያለ ዘበኛ ነው። ይህ ልጅ አድጎ ትምባሆ ቢያጤስ፥ በቢላዋና በመርፌ የተገኘው ዕድሜ በገዛ እጁ ይቃጠላል። አእምሮው ቢፈዝዝ አስተማሪው «ሰነፍ» ብሎ ሊቀጣው ሳይሆን ለወላጆቹ ሊነግር፥ ወላጆቹም ወደ ሐኪሙ ሊወስዱት ይገባል። ስለዚህ መሰንበት በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ቤተ ሰብ፥ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ነው። ጊዜን ሰጥቶ ጥበቃን መንፈግ ለተራበ እህል ሰጥቶ ወፍጮውን እንደ መንሣት ይቈጠራል።

ይህ የዘር ጉድለት በብዛት የሚገኘው በሰሜን አውሮፓ ተወላጆች ዘንድ ነው። የፖርታል የደም ሥር መታፈን ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ወደ አገራችን በሌላ መንገድ፥ በተለይም በቢልሃርዚያ በኩል ይመጣል። በወንዝና በሐይቅ ዳር የሚጫወቱ ልጆች ከውሃው የሚቀበሉት ትል ከዓመታት በኋላ ጉበታቸውን ይጐዳል፤ ጣፊያቸውን ያሳብጣል፤ ደም ወደ ማስመለስም ያደርሳቸዋል። ታዲያ ሁለቱን በሽታዎች ስናስተያይ ልዩነታቸው ለጥያቄያችን ትልቅ ብርሃን ይሰጠናል። የዘሩን ጉድለት አስቀድሞ ለመከልከል የሚያስችል መድኃኒት ለእነዚያ ሕፃናት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ መሰንበትን መፈለግ ለእነርሱ ጥበብ ነበር። የቢልሃርዚያ ምክንያት ግን የታወቀ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ የእንዶድ ሳሙና ትሉን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ተመልክተው ለዓለም ያስታወቁት ይህንኑ ምክንያት ከምንጩ ለመቍረጥ ነው። ምክንያቱ ሊወገድ በሚቻልበት ስፍራ ምክንያቱን ትቶ መሰንበትን ብቻ ማደል ስንፍናን በርኅራኄ ልብስ መሸፈን ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው እዚህ ላይ ነው። መሰንበት የሚመሰገነው መዳን በማይቻልበት ስፍራ ነው እንጂ መዳንን ላለመፈለግ ሰበብ ሲሆን አይደለም።

ይህን ሁሉ አሰባስበን ስንመለከት ፍርዳችን እንዲህ ይሆናል። የማይፈውስ ሕክምና ለልጅ ተገቢ የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። መጀመሪያ፥ የሚያስገኘው ጊዜ ልጁ ሊኖርበት፥ ሊጫወትበትና ሊማርበት የሚችል ጊዜ ሲሆን ነው፤ በአልጋ ላይ በድንዛዜ የሚያልፍ ጊዜ ግን በቍጥር ቢበዛም በእውነት ጥቂት ነው። ሁለተኛ፥ ጥቅሙ በቅድሚያ ለራሱ ለልጁ ሲሆን ነው። ሦስተኛ፥ የዛሬው እርዳታ የነገውን እርዳታ የማይዘጋ ሲሆን ነው። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ እውነት መናገር ያስፈልጋል። ወላጆቹ የተገዛው ጊዜ መሆኑን እንጂ መዳን አለመሆኑን ዐውቀው ሊቀበሉት ይገባል። ልጁም ማስተዋል በጀመረ ጊዜ በዕድሜው ልክ ሊነገረው ይገባል፤ የራሱ ሕይወት ምስጢር ከራሱ ሊሰወር አይገባምና።

ዛሬ ሊቃውንቱ የተሳሳተውን ፕሮቲን በጉበት ውስጥ ገና ሳይሠራ ጂኑን ዝም ለማሰኘት የሚችል መድኃኒት በሰው ላይ እየመረመሩ ነው፤ በ2022 የታተመው የመጀመሪያው ውጤትም በጉበት ውስጥ የተከማቸው ፕሮቲን መቀነሱን አሳይቷል። ይህ ሥራ ወደ ፍጻሜ ይድረስ አይድረስ ጊዜ ይፈርደዋል። ነገር ግን ሐሳቡን ብቻ ያየን እንደ ሆነ፥ የዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት ሻንት ለሠሩት ቀዶ ሐኪሞች ይህ ነገር በሕልማቸውም አልነበረም። እነርሱ የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ ዛሬ ሌሊት ደም እንዳይፈስሰው ማድረግ። መጪውን ዘመን ባያዩትም ልጁን ወደ እርሱ ላኩት።

ሰው ሁሉን ለማዳን አልተሰጠውም። የተሰጠው፥ ሊያድነው ያልቻለውን እንዳይተወው ነው። ሐኪም ይሁን አስተማሪ፥ ወላጅ ይሁን ሹም፥ ፍጹም የሆነውን ነገር መስጠት ባልቻለ ጊዜ ሁሉ በፊቱ ሁለት መንገድ ይቀርባል። አንደኛው «ሁሉን ካልሰጠሁ ምንም አልሰጥም» የሚል ነው፤ ይህም ላም አለኝ በሰማይ እያሉ በምድር ያለውን ልጅ ማስራብ ነው። ሁለተኛው የሚቻለውን ትንሽ ነገር በእውነትና በጥንቃቄ መስጠት፥ የቀረውንም ለሚመጣው ማቆየት ነው። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን። መሰንበት መዳን አይደለም፤ ሆኖም በደኅና እጅ የተሰጠ እንደ ሆነ ለመዳን የተዘረጋ ድልድይ ይሆናል።